ሕመምን የሚያስታግሰው መድኃኒት ፈረስን የሚጎዳው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1968 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ በሚገኘው የቸርችል ዳውንስ መወዳደሪያ ሜዳ «ዳንሰርስ ኢሜጅ» የተባለው ፈረስ ከኋላ ተነሥቶ ተፎካካሪዎቹን አንድ በአንድ እያለፈ ታላቁን የኬንታኪ ደርቢ አሸነፈ። የድሉ ደስታ ግን ከጥቂት ቀናት አላለፈም። ከውድድሩ በኋላ በተወሰደው የሽንት ናሙና ውስጥ ፌኒልቡታዞን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ቅሪት ተገኘ። ፈረሱ የቁርጭምጭሚት ሕመም ነበረበት፤ መድኃኒቱ የተሰጠው ከውድድሩ ስድስት ቀናት ገደማ አስቀድሞ ስለሆነ እስከዚያ ከሰውነቱ ተጠርጎ መውጣት ነበረበት የሚል ክርክርም ቀረበ። ከዓመታት የፍርድ ቤት ሙግት በኋላ የአሸናፊነቱ ክብር ለ«ፎርዋርድ ፓስ» ጸና። በ2021 ደግሞ በዚያው ሜዳ ቀድሞ የገባው «መዲና ስፒሪት» ቤታሜታዞን የተባለ የብግነት መድኃኒት ስለተገኘበት በተከታዩ ዓመት ድሉን ተነጥቋል።

ሁለቱም ክርክሮች ያጠነጠኑት የውድድር ሕግ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም በሚለው ላይ ነው። ለፈረሱ ይበልጥ የሚገደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሕመሙን ያስታገሰለት መድኃኒት በጨጓራው፣ በአንጀቱና በኩላሊቱ ላይ ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ የሚነሣው በሚሊዮን ለሚሸጡ የውድድር ፈረሶች ብቻ አይደለም። ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች ባሉባትና በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው ኢትዮጵያ ጋሪ የሚጎትተው፣ እህል የሚጫነው፣ ባለቤቱን ለገበያና ለለቅሶ የሚያደርሰው እንስሳም ያው ጨጓራና ያው ኩላሊት አለው። እንዲያውም አደጋው ለእርሱ የሚከፋበት ምክንያት አለ፤ በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈው ልክ የተሰላው አብዛኛውን ጊዜ በክብደት እጥፍ ለሚሆነው የአውሮፓና የአሜሪካ ፈረስ ነው።

አንድ ቁልፍ፣ ብዙ በር

ፌኒልቡታዞን የሚመደበው ስቴሮይድ ካልሆኑ የብግነት መድኃኒቶች ጎራ ነው። በሰዎች ዘንድ የታወቁት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በፈረስ ሕክምና ደግሞ ፍሉኒክሲን፣ ሜሎክሲካም፣ ኬቶፕሮፌንና ፊሮኮክሲብ አብረውት ይሰለፋሉ። ፌኒልቡታዞን እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ ሕክምና የገባው ለሰው ነበር፤ ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለሪህ። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ የአጥንት መቅኔ ደም መሥራቱን እስኪያቆም የሚያደርስ ገዳይ ጉዳት ማስከተሉ ሲታወቅ በአብዛኞቹ አገሮች ለሰው መታዘዙ ቀረ፣ ወይም እጅግ ተገደበ። በፈረስ ላይ ይህ ዓይነቱ ጉዳት እምብዛም ስለማይታይ፣ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ፣ በዱቄትና በቅባት መልክም በአፍ ሊሰጥ ስለሚችል የፈረስ ሐኪሞች ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ለእግር ሕመም፣ ለሰኮና ውስጥ ብግነትና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ስቃይ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱን ማወቅ የሚያስፈልገው መድኃኒቱን ለመጥላት ሳይሆን በልኩ ለመጠቀም ነው።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ሥራ ላይ ከዋለ ከ20 ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ሕመምንና ብግነትን እንደሚያበርዱ አሳየ፤ በ1982ም ከሁለት የስዊድን ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። የአንድ አካል ሕዋሳት ሲጎዱ ኮክስ የተባለው ኢንዛይም ፕሮስታግላንዲን ያመርታል፤ ይህም ቦታው እንዲሞቅ፣ እንዲያብጥና እንዲያም ያደርጋል። መድኃኒቱ ኢንዛይሙን ሲያስረው ሕመሙ ይበርዳል።

ችግሩ ፕሮስታግላንዲን የሕመም መልእክተኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጨጓራ በራሱ አሲድ እንዳይቃጠል የሚሸፍነውን ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያስመነጨው እርሱ ነው። በአንጀት ግድግዳ የደም ዝውውርን የሚጠብቀው፣ የተላጠውም ሽፋን ቶሎ እንዲጠገን የሚያግዘው እርሱ ነው። የሰውነት ፈሳሽ ሲያንስ የኩላሊትን ደም ሥሮች ከፍቶ የሚያቆየውም እርሱ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙ ሁለት ዓይነት መሆኑን ደረሱበት። አንደኛው ዘወትር በሥራው ላይ ያለ ዘበኛ ነው፤ ሁለተኛው ጉዳት ሲደርስ እንደ ክተት ሠራዊት የሚጠራ ነው። ፌኒልቡታዞንና ፍሉኒክሲን ሁለቱንም ሳይለዩ ያስራሉ። ፊሮኮክሲብ በአመዛኙ ሁለተኛውን ብቻ ስለሚይዝ ለጨጓራ ይሻላል። ይሁን እንጂ በኩላሊት ውስጥ ሁለተኛውም ኢንዛይም የዘወትር ሥራ አለው፤ ስለዚህ «ለጨጓራ የሚሻለው» መድኃኒት ለኩላሊትም ደኅና ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ማስመለስ የማይችል እንስሳ

የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ግዝፈት አንጻር ትንሽ ነው፤ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ገደማ ነው። ፈረስ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየጋጠ እንዲኖር የተፈጠረ በመሆኑ ጨጓራው በላም አልበላ ሌት ተቀን አሲድ ያመነጫል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን የሚወርደው ሲያኝክ ብቻ ነው። ለሰዓታት ሳይበላ የቆመ ፈረስ አሲዱ ያለ ማብረጃ ይጠራቀምበታል፤ በዚህ ላይ መከላከያውን የሚቀንስ መድኃኒት ሲጨመርበት የጨጓራው የታችኛው ክፍል ይቆስላል። ሌላም ጉድለት አለ። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ በሚያስገባው በር ላይ ያለው ጡንቻ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ፈረስ ማስመለስ አይችልም። በስሕተት ከልክ በላይ የተሰጠው መድኃኒት በመጣበት አይመለስም።

ሐኪሞች ይበልጥ የሚፈሩት ግን ከጨጓራ ርቆ፣ ከዓይንም ተሰውሮ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። የፈረስ ደንዳኔ በሆዱ ውስጥ ታጥፎና ተደራርቦ የተቀመጠ፣ ገለባና ሣር የሚብላላበት ሰፊ ጎተራ ነው። የመጨረሻው እጥፋት፣ በቀኝ በኩል ከላይ ያለውና ወደ ቀጭኑ የደንዳኔ ክፍል ከመጥበቡ በፊት የሚገኘው ክፍል፣ ለእነዚህ መድኃኒቶች ልዩ ተጋላጭነት አለው። አንዱ ማብራሪያ ፌኒልቡታዞን ከድርቆሽ ጋር ይጣበቃል የሚለው ነው። በአፍ የተሰጠው መድኃኒት ከፊሉ ከጨጓራ ሳይመጠጥ ከድርቆሹ ጋር ተጉዞ፣ ደንዳኔ ውስጥ መኖው ሲብላላ እዚያው ይለቀቃል፤ የአንጀቱንም ግድግዳ በቀጥታ ያገኘዋል።

በዚህ መንገድ የቆሰለ አንጀት መጀመሪያ ብዙ አያሳውቅም። ፈረሱ ይደነግዛል፣ ገፈራውን ትቶ ይቆማል፣ ቀላል የሆድ ቁርጠት ይመላለስበታል፤ ፋንድያው ይላላል ወይም ወደ ተቅማጥ ይለወጣል። በቁስሉ በኩል አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ወደ አንጀት እየፈሰሰ ያልቃል። ይህ ፕሮቲን ውኃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆይ በመሆኑ፣ ሲጎድል ፈሳሹ ወደ ሥጋ ይሰርጋል፤ ከሆድ ሥር፣ በደረትና በእግሮች ላይ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ የሚቀር ለስላሳ እብጠት ይወጣል። እብጠቱን ያየ ባለቤት «እግሩን መታው» ብሎ ተጨማሪ የሕመም ማስታገሻ ሊሰጥ ይችላል። ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። በምላስና በከንፈር ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚወጣ ቁስለትም የመመረዙ ሌላ ምልክት ነው። መድኃኒቱን ለሳምንታት የሚወስድ ፈረስ በየጊዜው የደም ፕሮቲኑ ሊመረመር ይገባል፤ ምርመራው ቀላልና ርካሽ ሲሆን ከተቅማጡና ከእብጠቱ ቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

ሕክምናው የሚጀምረው የዚህን ቤተሰብ መድኃኒት ፈጽሞ በማቆም ነው። ከዚያም ደንዳኔው እንዲያርፍ ድርቆሹ ተቀንሶ በተጨመቀ መኖ ይተካል፤ ምግቡም ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ ይቀርባል። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ብዙዎች እንደ ጋሻ ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን የሚጋርደው ጨጓራን ብቻ ነው፣ ደንዳኔ ላይ አይደርስም። አንዳንድ ሐኪሞች የጎደለውን ፕሮስታግላንዲን የሚተካ ሚሶፕሮስቶል ያዛሉ። ይህ መድኃኒት ጽንስ የማስወረድ ኃይል ስላለው እርጉዝ ሴት በእጇ ልትነካው አይገባም።

ውኃ ያልጠጣ ፈረስ

ጤናማና የረካ ፈረስ በልኩ የተሰጠውን መድኃኒት ኩላሊቱ ሳይጎዳ ይወስዳል። ነገሩ የሚለወጠው ውኃ ሲጠማው ነው። የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ ደም ወደ ልብና ወደ አንጎል እንዲያደላ ሌሎች ደም ሥሮች ይጠባሉ። ኩላሊት በዚህ ችጋር ውስጥ የሚተርፈው በፕሮስታግላንዲን ነው፤ ወደ እምብርቱ የሚገባውን ቀጭን የደም መሥመር ክፍት አድርጎ ያቆይለታል። መድኃኒቱ ይህን ሲዘጋ የኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል ደም አጥቶ ይሞታል፤ የሞተው አካልም ተመልሶ አይበቅልም።

ፈረስ በሞቃት አየር ጠንክሮ ሲሠራ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ላብ ሊያፈስ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚዘወተረው የረጅም ርቀት ግልቢያ ፈረሶች በአንድ ቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ በየምዕራፉ የእንስሳት ሐኪሞች የልብ ምታቸውን፣ አረማመዳቸውንና የፈሳሽ መጠናቸውን ይመረምራሉ። ያልበቃው ከውድድር ይወጣል። በኢትዮጵያ ከተሞች ከጠዋት እስከ ማታ ሰውና ጭነት የሚያመላልሰው የጋሪ ፈረስ ግን እንዲህ ያለ መርማሪ የለውም። ቀትር ላይ ውኃ ሳያገኝ ይውላል፤ ማታ ሲያነክስ ይታያል፤ ባለጋሪውም ያገኘውን ማስታገሻ ይሰጠዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ የገባው ኩላሊቱ መከላከያውን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ነው።

ማጣሪያው ከባድ አይደለም። የአንገቱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው ካልተመለሰ፣ ድዱም ሲዳሰስ ደረቅና የሚያጣብቅ ከሆነ ፈረሱ ፈሳሽ ጎድሎታል። ውኃ ይቅደም፤ በጣም ከተጎዳ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠው፤ ማስታገሻው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የተወለደ ሰሞን ያለ ውርንጭላ፣ በተለይም ተቅማጥ ያለበት፣ በዚህ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

ክብደቱን ሳያውቁ መስጠት

የፌኒልቡታዞን የተለመደ ልክ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 4.4 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በግማሽ ቀንሶ 2.2 ሚሊግራም ይሆናል፤ የሚበቃውም ዝቅተኛ መጠን እስኪገኝ ድረስ መቀነሱ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቀን ልክ ሲደመር በኪሎ 8.8 ሚሊግራም ነው። ይህንኑ መጠን ሳይቀንሱ ለተከታታይ ቀናት የወሰዱ ፈረሶች ላይ የደም ፕሮቲን መቀነስና የጨጓራ ቁስለት ታይቷል። በሌላ አነጋገር፣ ለአንድ ቀን መድኃኒት የሆነው ለሳምንት ሲሰጥ መርዝ ይሆናል። መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው ርቀት ጠባብ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ስሌቱን ወደ ጋሪ ፈረስ ማምጣት ይቻላል። ሚዛን በሌለበት የፈረስን ክብደት በልብስ ሰፊ ሜትር መገመት ይቻላል። ከፊት እግሮች ጀርባ፣ መታጠቂያው በሚውልበት ቦታ የደረቱ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ቁጥሩ በራሱ ይባዛል። ውጤቱ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ባለው ርዝመት ተባዝቶ ለ11,900 ይካፈላል። የደረቱ ዙሪያ 150፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 246 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ለዚህ ፈረስ የ2.2 ሚሊግራሙ ልክ በአንድ ጊዜ 540 ሚሊግራም ያህል ነው። በአሜሪካ ለፈረስ የተፈቀደው የመድኃኒቱ መግለጫ በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ ይላል። ይህ ጣሪያ 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በኪሎ 8 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለ246 ኪሎው ከ16 ይበልጣል። መመሪያውን ያከበረ የሚመስለው ሰው ሳያውቀው ከእጥፍ በላይ ሰጥቷል። ከውጭ አገር ለወገኑ የእንስሳት መድኃኒት የሚልክ ሰው ከመድኃኒቱ ጋር ይህን ስሌት ቢልክ ይበጃል።

ሌላው የታወቀ ስሕተት ሁለት ማስታገሻዎችን መደራረብ ነው። ፌኒልቡታዞን አልበቃ ሲል ፍሉኒክሲን ይጨመራል። ሕመሙ ይበልጥ ሊቀንስ ይችላል፤ ሆኖም ሁለቱም የሚያስሩት አንዱን ኢንዛይም ስለሆነ በአንጀትና በደም ፕሮቲን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይደመራል። ሕመሙ በአንዱ ካልተገታ ሐኪሞች የሚመርጡት በሌላ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት ነው።

የአሰጣጡም መንገድ የራሱ አደጋ አለው። ፌኒልቡታዞን በመርፌ የሚሰጠው በደም ሥር ብቻ ነው፤ ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውንና ቆዳውን ያበሰብሳል። በአንገት ላይ ከደም መልሱ አጠገብ የሚያልፈውን ደም ቅዳ የወጋ እጅ መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ አንጎል ይልከዋል፤ ፈረሱ በቅጽበት ተንፈራግጦ ሊወድቅ ይችላል። ፍሉኒክሲን በጡንቻ ሲወጋ ደግሞ አልፎ አልፎ ክሎስትሪዲየም የተባለው ባክቴሪያ በተወጋው ጡንቻ ውስጥ ይራባል። ቦታው ያብጣል፤ ሲዳሰስ ከቆዳው ሥር አየር እንዳለበት ይንኮሻኮሻል። ፈረሱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ሐኪሞች ይህን መድኃኒት በጡንቻ መውጋትን አይመክሩም።

ዝም ያለ ሕመም

እስካሁን የተነገረው መድኃኒቱ በአካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሥራውን በሚገባ ሲሠራ የሚመጣ ጉዳትም አለ። የሆድ ቁርጠት የያዘው ፈረስ መሬት ለመሬት ሲንከባለል ፍሉኒክሲን ከተሰጠው ተነሥቶ ሊረጋጋ ይችላል። ሕመሙ ከጋዝ ብቻ ከነበረ መልካም ነው። አንጀቱ ተጠምዞ ከሆነ ግን የተረጋጋው ሕመሙ እንጂ አንጀቱ አይደለም፤ ደም ያጣው አንጀት እየሞተ ሳለ ለቀዶ ሕክምና የቀሩት ሰዓታት ያልፋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕመሙ ከተመለሰ ሁለተኛ መርፌ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋል። የልብ ምት በዚህ ጊዜ ከፊት ገጽታው የተሻለ ምስክር ነው። በዕረፍት ላይ ያለ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከ60 በላይ ሆኖ ከዘለቀ ፈረሱ ጸጥ ቢልም ነገሩ ከባድ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ያሉት ማስታገሻዎችም ያለ ዋጋ አይመጡም። ሞርፊንና ቡቶርፋኖል ሰውን ሲያደነዝዙ ፈረስን ሊያቁነጠንጡት ይችላሉ፤ በጋጣው ውስጥ ዙሪያውን ይመላለሳል፣ አንጀቱም ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ ፋንድያው ይደርቃል። ዛይላዚን የልብን ምትና የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋ የሚመስለው ፈረስ ግን በድንገት ሲነካ መራገጡን አይተውም። ይኸው ዛይላዚን ለሰው ፈጽሞ ያልተፈቀደ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከፌንታኒል ጋር እየተደባለቀ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያደረሰ በመሆኑ በጋጣ ውስጥ ያለ ቁልፍ ሊቀመጥ የሚገባው መድኃኒት አይደለም።

የአህያ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። አህያን እንደ ትንሽ ፈረስ መቁጠር የቆየ ልማድ ነው፤ አካሏ ግን እንዲህ አይሠራም። ፌኒልቡታዞንንና ፍሉኒክሲንን ከፈረስ ፈጥና ከደሟ ታስወግዳለች፤ ሜሎክሲካም እንዲያውም በእርሷ ውስጥ የሚቆየው እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ካርፕሮፌን በተቃራኒው ከፈረስ ይልቅ በአህያ ውስጥ ይዘገያል። ስለዚህ በፈረስ ሰዓት የተሰጣት አህያ በመካከሉ ለሰዓታት ያለ ማስታገሻ ትቆያለች። ሕመሟንም እንደ ፈረስ አትገልጽም፤ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ትቆማለች፣ መብላት ትቀንሳለች፣ በቃ። «አህያ ስለሆነች ቻለችው» የሚባለው ዝምታ ብዙ ጊዜ ከባድ ሕመም ነው።

በፈረስ ፊት ላይ ሕመምን ለማንበብ እ.ኤ.አ. በ2014 አውሮፓውያን ተመራማሪዎች ስድስት ምልክቶች ያሉት መለኪያ አውጥተዋል፤ ወደ ኋላ የተመለሱ ጆሮዎች፣ የጠበበ ዓይን፣ ከዓይኑ በላይ የተወጠረ ሥጋ፣ የተወጠረ የመንጋጋ ጡንቻ፣ የተጨመቀ አፍና ተገትሮ የወጣ አገጭ፣ የተወጠረ አፍንጫ። መለኪያው ማስታገሻው መሥራቱን ለማወቅ ይረዳል። ይሁን እንጂ ፊቱ የተፈታ ፈረስ እግሩ ዳነ ማለት አይደለም። በአሜሪካ የፈረስ ውድድር ሕግ ከውድድሩ በፊት ባሉት 48 ሰዓታት እነዚህን መድኃኒቶች መስጠት የሚከለከለው መርማሪው ሐኪም እግሩን ያለ መጋረጃ እንዲያየው ጭምር ነው፤ በሕመም ምክንያት ሊያሳርፈው የሚገባውን እግር ሕመሙ የጠፋለት ፈረስ ሙሉ ኃይሉን ይጥልበታል፣ ስንጥቁም ስብራት ይሆናል።

የጋሪ ፈረስም እንዲሁ ነው። ገጣባ ወጥቶበት ወይም ሰኮናው ቆስሎ ማስታገሻ የተሰጠው ፈረስ በማግስቱ ሶምሶማ ሲረግጥ ባለቤቱ የዳነ ይመስለዋል፤ ቀበቶው ግን ያንኑ ቁስል እየፋቀ ይውላል። እዚህ ላይ ባለጋሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፈረሱ ሦስት ቀን ከቆመ የቤቱ እንጀራም ሦስት ቀን እንደሚቆም ግን መረሳት የለበትም። ብሩክ፣ ስፓናና ዶንኪ ሳንክቹዋሪን የመሳሰሉ ድርጅቶች በኢትዮጵያ ከሕክምናው ጎን ለጎን ስለ ቀበቶ አሠራር፣ ስለ ኮርቻ ሥር ድልዳልና ስለ ሰኮና እንክብካቤ የሚያስተምሩት መድኃኒቱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ቁስሉን የሚፋቀው ነገር ከተነሣና ያበጠው እግር በቀዝቃዛ ውኃ ከታጠበ፣ የሚያስፈልገው የማስታገሻ መጠንም ያንሳል።

ከእንስሳው ሞት በኋላ

መድኃኒቱ እንስሳው ሲሞት አብሮ አይጠፋም። በአውሮፓ ኅብረት ፌኒልቡታዞን የተሰጠው ፈረስ በመታወቂያ ደብተሩ ላይ ተመዝግቦ ለዘለቄታው ለምግብነት እንዳይታረድ ይከለከላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የበሬ ሥጋ ተብሎ የተሸጠ ምግብ ውስጥ የፈረስ ሥጋ መገኘቱ ያንን ሁሉ ድንጋጤ የፈጠረው፣ ከማጭበርበሩ በተጨማሪ፣ ይህ መድኃኒት በሰው ገበታ ላይ ሊደርስ ይችላል በሚል ሥጋት ነበር።

በኢትዮጵያ የፈረስና የአህያ ሥጋ በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ አይበላም፤ በድኑ ግን የሚበላው አያጣም። ከከተማ ዳር የተጣለውን ጅብና ጥንብ አንሳ ያነሡታል። በደቡብ እስያ የሆነው እዚህ ላይ ይታወሳል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሕንድና በአካባቢዋ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 እጅ በላይ አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ምክንያቱን ሲያገኝ ጥፋተኛው ለከብት ሕክምና የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ሆነ፤ ወፎቹ መድኃኒቱ ያለበትን በድን በልተው ኩላሊታቸው ይሞት ነበር። ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉት። ኬቶፕሮፌንም ለእነዚህ ወፎች መርዝ መሆኑ ታውቋል፤ ሜሎክሲካም ግን በምርመራ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል። በኢትዮጵያ ሰማይ ከሚያንዣብቡት መካከል የሩፔል ጥንብ አንሳና ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ስለዚህ በሕክምና ላይ ሳለ የሞተ ወይም ስቃዩን ለማሳጠር በመርፌ እንዲሞት የተደረገ ፈረስ ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ከውኃ መውረጃ ርቆ፣ ጅብም ሆነ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል።